የአሮጌ ብስክሌት ልጓም

አንባቢ ሆይ፥ ከአባትህ ወይም ከአጎትህ የወረስኸው አሮጌ ብስክሌት በቤትህ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እንደ ሆነ፥ ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው እንድታነበው እለምንሃለሁ። ብስክሌት ባይኖርህም አንድ ቀን አሮጌ ዕቃን በአዲስ መለዋወጫ ለማደስ መነሣትህ አይቀርምና፥ የእኔ ስሕተት ላንተ ትምህርት ይሆንሃል። እኅቴም ብትሆኚ ነገሩ ያው ነው፤ ቁልቁለት ወንድና ሴት አይለይም።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማበር ሲደርስ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይቆማል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ፥ በቈፈሩት ዋሻ ገብቶ በወዲያኛው በኩል ብቅ ሲል ቆላው ይፋት ከእግሩ በታች ተዘርግቶ ያየዋል። ከዚያ በኋላ መንገዱ ደብረ ሲናን አቋርጦ፥ አርማንያን አልፎ፥ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ሸዋ ሮቢት የምትገኘው በ1,280 ሜትር ግድም ላይ ነው። ደብረ ሲና ላይ ጋቢ ደርቦ የተሳፈረ ሰው ሮቢት ሲደርስ የሸሚዙን ቍልፍ ፈትቶ በጋዜጣ ሲያራግብ ይታያል። ደጋና ቆላን የሚለያቸው ሠላሳ ኪሎ ሜትር ጥቂት ፈቀቅ ያለ መንገድ ብቻ ነው።

እኔ ያደግሁት በዚያ ቆላ ነው። አባቴ የገጠር ትምህርት ቤት መምህር ነበርና በ1965 ዓ.ም. አዲስ አበባ ወርዶ አንድ የእንግሊዝ ሥራ የሆነ የመንገድ ብስክሌት ገዛ። መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተጠማዘዘ፥ ጎማው ቀጭን፥ አካሉ አረንጓዴ ነበር። በሮቢት ሜዳ፥ በማሾውና በሽንኩርቱ ማሳ መካከል፥ በየማለዳው እርሱን እየነዳ ወደ ሥራው ይሄድ ነበር። ገበሬዎቹም «የመምህሩ ፈረስ» ብለው ስም አወጡለት።

በዚያ ዘመን ብስክሌት ለመምህርና ለጸሓፊ ትልቅ ክብር ነበር። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትካፈል ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችን ልካለች፤ ገረመው ደንቦባም ከእነርሱ አንዱ ነበር። አባቴ ስለ እርሱ ሲያወራ ዘመዱ ይመስለኝ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ጽጋቡ ግርማይ በፈረንሳይ ዙር የብስክሌት ውድድር ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው ተወዳዳሪ ሆኖ ሲሰለፍ በቴሌቪዥን እያየሁ፥ «ይህን አባቴ ቢያይ ኖሮ» ብዬ ዐይኔ እንባ አቅርሯል። አባቴ ግን በ1994 ዓ.ም. አርፎ፥ ፈረሱም ከቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀርቷል።

ያን ብስክሌት ያወረድሁት በጥር 2011 ዓ.ም.፥ በጥምቀት ሰሞን፥ ከመሥሪያ ቤቴ ፈቃድ ወስጄ ወደ እናቴ ቤት በሄድሁ ጊዜ ነው። አቧራውን ጠረግሁ፤ ሰንሰለቱን ቀባሁ፤ ጎማውን ነፋሁ። ፍሬኑን በግቢያችን ውስጥ ጨበጥ ባደርገው ያዘልኝ። «ይበቃል» አልሁና በሚኒባስ ጣራ ላይ ጭኜ ደብረ ሲና ወጣሁ። ሐሳቤ አባቴ በወጣትነቱ አንድ ቀን እንዳደረገው ከደብረ ሲና እስከ ሮቢት በነፋስ ላይ ተንሳፍፎ መውረድ ነበር።

ተማሪ ከሆንህ ይህን ስሌት አብረኸኝ ሥራ። ሰውና ብስክሌት በአንድነት 80 ኪሎ ቢመዝኑና 1,000 ሜትር ቁልቁል ቢወርዱ፥ የሚለቀቀው ጕልበት ሁለት ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ አፍልቶ የሚተርፈው ነው። ከዚህ ጕልበት ነፋሱ የሚወስደው አለ፤ የቀረውን መዋጥ ያለባቸው አራት የአውራ ጣት ያህል የሆኑ የፍሬን ጎማዎች ናቸው። የእኔዎቹ ደግሞ ሃያ ዓመት የሮቢትን ሙቀት ጠጥተው እንደ ድንጋይ ደርቀዋል። በግቢ ውስጥ የእግር ጕዞ ያህል የሚሄድን ብስክሌት መያዝና በቁልቁለት የሚጋልበውን ማቆም አንድ አለመሆኑን ያን ጊዜ አላሰብሁትም።

ከአርማንያ በታች አንድ ኩርባ ስዞር በፊቴ አንዲት የዐሥር ዓመት ልጅ ውኃ የጫነ አህያ እየነዳች መንገዱን ስታቋርጥ አየኋት። ሁለቱንም ፍሬን በሙሉ ኀይሌ ጨበጥሁ። የፊቱ ጮኸ እንጂ አልያዘም፤ የኋላው ሽቦ በእጄ ላይ ጧ ብሎ ተበጠሰ። ልጅቱን ላለመግጨት መሪውን ወደ ጠርዙ ጠምዝዤ በጠጠሩ ላይ ተንሸራተትሁና ከቦዩ ገባሁ። ግራ ክንዴ ተሰበረ። ልጅቱ አጠገቤ መጥታ መጀመሪያ እኔን፥ ቀጥሎ ብስክሌቱን ተመለከተችና፥ «ጋሼ፥ ይኼ ልጓም የለውም እንዴ?» አለችኝ።

ክንዴ በስድስት ሳምንት ዳነ። የልጅቱ ጥያቄ ግን እስካሁን ድረስ ከጆሮዬ አልወጣም። አንድ ክንድ ያህል ወደ ቀኝ ብትቆም ኖሮ ዛሬ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ እጄ አይታዘዝልኝም ነበር።

እንግዲህ አዲስ ፍሬን ለመግዛት ተነሣሁ፤ ሁለተኛው ሞኝነቴም እዚህ ላይ ይጀምራል። «ፍሬን ፍሬን ነው» ብዬ ከአንድ ሱቅ ባለ ጊዜውን የተራራ ብስክሌት ፍሬን ገዛሁ። ይህ ፍሬን ሁለት ረጃጅም ክንዶች አሉትና በጎማው ግራና ቀኝ ይቆማል። ቤት ወስጄ ባየው ክንዶቹ የሚሰኩባቸው ሁለት አጫጭር ምሰሶዎች ከሹካው ጋር ተበይደው መገኘት ያሻቸዋል፤ የአባቴ ብስክሌት እንዲህ ያለ ነገር የለውም። በድሮ የመንገድ ብስክሌት ላይ ፍሬኑ የሚታሰረው ከጎማው በላይ፥ በሹካው ትከሻ መካከል ባለች አንዲት ቀዳዳ ሲሆን፥ ቸርኬውን እንደ አንጥረኛ ጉጠት ከላይ ወርዶ ይቆነጥጣል። በየገበያው ሞልቶ የሚታየው ግን የተራራው ዓይነት ነውና ተጠንቀቅ። ምሰሶ አስበይዳለሁ ብትል እንኳ ያ ፍሬን ከድሮው እጀታ ሁለት እጥፍ ያህል የሽቦ ስበት ስለሚፈልግ ከእርሱ ጋር አይስማማም።

ወደ አዲስ አበባ ስመለስ በመርካቶ የመንገድ ብስክሌት ፍሬን አገኘሁ። ጉጠት መሰል፥ የሚያብረቀርቅ፥ ዋጋውም የደመወዜን እሩብ የሚያህል ነበር። ይዤው ሮቢት ወርጄ ባሰርሁት ጊዜ የፍሬኑ ጎማ ከቸርኬው ላይ ሳይደርስ ቀረ። የቻልሁትን ያህል ዝቅ ባደርገው እንኳ የሚነካው የጎማውን ጎን ነው። ይህ ምንም ፍሬን ከሌለው የባሰ አደጋ መሆኑን ልብ በል፤ ቁልቁለት ላይ የፍሬኑ ላስቲክ የጎማውን ጎን እየፋቀ በስቶ ያፈነዳዋልና።

ያን ጊዜ ነው በሮቢት ገበያ ዳር ከዛፍ ሥር ሆነው ብስክሌት ወደሚጠግኑት ሽማግሌ የሄድሁት። ብስክሌቱን ገና ከሩቅ ዐወቁት።

«የመምህሩ ፈረስ!» አሉ። «አንተስ ልጁ ነህ መሰለኝ?»

«አዎን፥ ጋሼ። ፍሬን ገዝቼ አልሆን አለኝ።»

«ለካህ?»

«ምኑን፥ ጋሼ?»

ሳቁና ከሣጥናቸው የተማሪ ማስመሪያ አወጡ። ለጫማህ እግርህን ሳታስለካ ትገዛለህን አሉኝ። ከዚያ በኋላ ያስተማሩኝን ነገር እነሆ በተራ አቀርብልሃለሁ።

መጀመሪያ የሚለካው የፍሬኑ ቁመት ነው። ይኸውም በሹካው ትከሻ ላይ ካለችው ቀዳዳ እምብርት አንሥቶ የፍሬኑ ላስቲክ ሊያርፍበት እስከሚገባው የቸርኬ ጎን መካከል ድረስ፥ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ያለው ርቀት ነው። ከፊትም ከኋላም ለየብቻው ለካ፤ ሁለቱ እኩል ላይሆኑ ይችላሉ። በአባቴ ብስክሌት የፊቱ 53፥ የኋላው 59 ሚሊሜትር ሆኖ ተገኘ። ዛሬ በብዛት የሚሠራው የእሽቅድምድም ፍሬን ግን ከ39 እስከ 49 ሚሊሜትር ብቻ ነው የሚደርሰው። መካከለኛው ከ47 እስከ 57 ይደርሳል። ለድሮ ብስክሌት የሚሆነው ረጅሙ ከ55 እስከ 73 ሚሊሜትር የሚወርደው ነው። የደመወዜን እሩብ የበላው ነገር አራት ሚሊሜትር ነበር።

ሁለተኛው ቸርኬው ነው። የአባቴ ብስክሌት ጎማ «27» የሚል ቍጥር አለበት። እንዲህ ያለው ጎማ ዛሬ ብርቅ ነው፤ በገበያ የሚገኘው ፈረንሳዮች 700 ብለው የሰየሙት፥ አንዳንድ ፋብሪካ ደግሞ «28» ብሎ የሚጽፍበት ነው። እኔ 28 ከ27 ይበልጣል ብዬ አሰብሁ። አንተም ሳታስብ አትቀርም። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው፤ የ27ቱ ቸርኬ ጎማው የሚቀመጥበት ስፋቱ 630 ሚሊሜትር ሲሆን የ700ው 622 ነው። እንዲያውም በቻይናና በሕንድ ከባድ ብስክሌቶች ላይ የሚገኘው ሌላው «28» 635 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ ትልቁን ቍጥር ትተህ በጎማው ጎን በትንሹ የታተመውን ሦስት አኀዝ አንብብ። ከ630 ወደ 622 ከተዛወርህ ቸርኬው ከዙሪያው አራት ሚሊሜትር ስለሚቀንስ ፍሬኑም አራት ሚሊሜትር ዝቅ ማለት አለበት። የእኛም ልክ ከፊት 57፥ ከኋላ 63 ሆነ፤ ሁለቱም ከረጅሙ ፍሬን ልክ ውስጥ ገቡ።

ሽማግሌው ቸርኬውን እንድለውጥ የመከሩኝ ለጎማው ብቻ ብለው አልነበረም። የድሮው ቸርኬ ብረት ነው፤ ብረት ደግሞ በዝናብ ሲረጥብ የፍሬኑ ላስቲክ ይንሸራተትበታል። አሉሚኒየም በውኃም ጊዜ ይልቅ ይይዛል። የጎማውን መሐል ግን አላስለወጡኝም። የዛሬው የኋላ ጎማ መሐል ከድሮው ስለሚሰፋ በአካሉ ውስጥ አይገባም፤ ስለዚህ የአባቴን መሐል እንደ ያዙ፥ በእርሱ ላይ አዲሱን ቸርኬ በአዳዲስ ቀጫጭን ሽቦዎች አጠለፉት። ከዚያ በፊት ግን የቀዳዳዎቹን ቍጥር ከሁለቱም ላይ ቈጥረው አረጋገጡ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ብስክሌትህ ፍሬኑ በሽቦ ሳይሆን በብረት ዘንግ የሚሳብ፥ በአገራችን ሜዳ ሁሉ የምናየው ከባዱ ዓይነት ከሆነ፥ የጉጠት ፍሬን ለመግጠም አትድከም። የዚያ ላስቲክ የሚያርፈው በቸርኬው ውስጠኛ ፊት ላይ ነው፤ ጎኑ ክብ ስለ ሆነ ጉጠት የሚይዘው ጠፍጣፋ ቦታ የለውም። ለእርሱ የራሱን ዓይነት ላስቲክ ፈልግለት።

ሦስተኛው ነገር ብሎኑ ነው፤ እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስጨነቀኝም ይህ ነበር። በድሮ ብስክሌት የፍሬኑ ብሎን በሹካው ትከሻ አልፎ በወዲያኛው በኩል በተራ ዳዶ ይታሰራል፤ ቀዳዳውም ብሎኑን የሚያሳልፍ 6 ሚሊሜትር ያህል ነው። የዛሬው ፍሬን ግን ብሎኑ አጭር ነው፤ ዳዶውም እንደ ቱቦ ሆኖ ከኋላ ወደ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል። ስለዚህ በስተኋላ ያለው ቀዳዳ 8 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ተራ ዳዶ ያለው ረጅም ፍሬን ፋብሪካዎች ይሠራሉ፤ በአገር ውስጥ ያገኘሁት ግን ይህን ብቻ ነበር።

«ከኋላ በኩል መሰርሰር ነው» አሉ ሽማግሌው።

የአባቴን ብስክሌት መብሳት! ለሦስት ቀን አንገራገርሁ። የተቦረቦረ ብረት አይሞላም፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ያ ብስክሌት አባቴ እንደ ተወው ነበር። ማታ ለእናቴ ብነግራት እንዲህ አለችኝ፦ «ልጄ፥ አባትህ ያን ብስክሌት የሚወደው ጠዋት አድርሶ ማታ ስለሚመልሰው ነበር። አንተን የማይመልስህ ከሆነ ምን ያደርግልናል?»

በማግሥቱ ለሽማግሌው ፈቀድሁ። እርሳቸውም እንደ እኔ አዝነው ኖሮ አንዱን ቀዳዳ ለማትረፍ ዘዴ ፈጥረው ጠበቁኝ። የፊትና የኋላ ፍሬን ልዩነቱ የብሎኑ ርዝመት ብቻ ነው፤ የፊቱ ይረዝማል። ስለዚህ ለፊት የተሠራውን ከኋላ፥ በቀጭኗ መጋጠሚያ ቧንቧ ላይ፥ በተራ ዳዶና በሮንዴላ አሰሩት፤ መሰርሰር አላስፈለገም። ለኋላ የተሠራውን ባለ አጭር ብሎን ደግሞ ወደ ፊት አምጥተው ረዘም ባለ የቱቦ ዳዶ አሰሩት። የተሰረሰረው የሹካው ትከሻ የኋላ ፊት ብቻ ሆነ፤ የፊተኛውን ቀዳዳ አልነኩትም። ይህን የምታደርግ ከሆነ ብሎኑ በዳዶው ውስጥ ቢያንስ የራሱን ውፍረት ያህል፥ ማለት 6 ሚሊሜትር፥ መግባቱን አረጋግጥ። ከዚያ ያነሰ እንደ ሆነ ጥርሱ ተልጦ በቁልቁለት ላይ ይለቅሃል። እጅህ በሥራው ካልለመደም ለሚያውቅ ሰው ስጠው።

አራተኛው እጀታው ነው። በጠማማው መሪ ላይ ያለው የድሮ እጀታ ከጉጠት ፍሬን ጋር ስለሚስማማ የአባቴን እጀታ አልለወጥንም። ሽቦውንና ማለፊያ ቱቦውን ግን ጨርሰን አዲስ አደረግነው። ሽቦ ስትገዛ ጫፉን ተመልከት፤ የመንገድ ብስክሌት ሽቦ ራሱ ትንሽና ሾጠጥ ያለ ሲሆን የተራራው እንደ ትንሽ በርሜል ነው። አንዱ በሌላው እጀታ ውስጥ በደንብ አይቀመጥም።

በመጨረሻ አገጣጠሙ ነው። ላስቲኩ በሙሉ በቸርኬው ጎን ላይ ይረፍ፤ ወደ ላይ ጎማውን አይንካ፥ ወደ ታችም አይንጠልጠል። ከቸርኬው ያለው ክፍተት ሁለት ሚሊሜትር ያህል ይበቃል። ላስቲኩ ከቤቱ ተስቦ የሚወጣ ዓይነት ከሆነ የቤቱ ዝግ ጫፍ ወደ ፊት ይሁን፤ ገልብጠህ ብትገጥመው የጎማው መሽከርከር ላስቲኩን መዝዞ ይጥለዋል። ከመንዳትህ በፊት ቆመህ እጀታውን በሙሉ ኀይልህ ዐሥር ጊዜ ጨብጥ። የሚበጠስ ሽቦና የሚላላ ብሎን ካለ በቤትህ ደጃፍ ይበጠስ፥ በቤትህ ደጃፍ ይላላ።

በሰኔ 2011 ዓ.ም. እንደገና ደብረ ሲና ወጣሁ። የዚህን ጊዜ በየኩርባው ከመድረሴ በፊት እየቀነስሁ፥ ፊትና ኋላውን እያፈራረቅሁ፥ አርማንያ ላይ ወርጄ ቸርኬው እስኪበርድ ድረስ ሻይ እየጠጣሁ ወረድሁ። ያች ኩርባ ላይ ስደርስ መንገዱ ባዶ ነበር። ቢሆንም ፍሬኑን ጨብጬ ሙሉ በሙሉ ቆምሁ፤ ማንም አላየኝም። ያን ቀን ልጅቱ ቆማ ከነበረበት ስፍራ አራት እርምጃ ያህል ይቀረኝ ነበር።

አሁን ብስክሌቱን የያዘው በሮቢት ሁለተኛ ደረጃ የሚማረው የእኅቴ ልጅ ነው። ሲለምነኝ ቍልፉን ከመስጠቴ በፊት ማስመሪያ ሰጠሁትና ከቀዳዳው እስከ ቸርኬው ለክቶ እንዲነግረኝ አዘዝሁት። ጥቂት ጎንበስ ብሎ ቆየና «57፥ ጋሼ» አለኝ። ከዚያም እጀታውን በሙሉ ኀይሉ ይጨብጥ ጀመር፤ እኔም አጠገቡ ቆሜ እስከ ዐሥር ድረስ ቈጠርሁለት።